የኋላ ዲፈረንሻል ኮሮና ልቀይር? ለአንድ የኮምቦልቻ ሃይሉክስ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነኝ። ሃይሉክስ ደብል ካቢን አለኝ፤ 4 በ4 ነው፣ ሞተሩ 3ኤል ናፍጣ። ጎማውን ከ205/16 ወደ 265/70/16 ካሳደግኩት ወዲህ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ያቃስታል። በዚያ ላይ ከኋላ 60 ላይ ሲደርስ ይጮኻል። መካኒኬ ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ሲቆጥረው ኮሮናው (ትልቁ ጥርሳም ቀለበት) 43፣ ፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) 10 ጥርስ ነው። ገበያ ላይ ያገኘልኝ ግን 41 በ9 ነው። ‹ጉልበትም ትጨምራለህ፣ ጩኸቱም ይጠፋል› ይለኛል። የኋላውን ብቻ ልቀይረው? ሌሎች ደግሞ 140 ዘይት ብታደርግበት ዝም ይላል ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አቀላቅለህ ነው የላክኸው። ጩኸቱ ሌላ፣ የጉልበት ማነሱ ሌላ ነው። መካኒክህ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ሊገላገላቸው አስቧል። ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ሐሳብ ቢመጣለት አልፈርድበትም። ግን 41 በ9ኙን ከኋላ ብቻ እንዳትገጥም። መኪናህ 4 በ4 ነው።

የሃይሉክስህ 4 በ4 መሃል ላይ ዲፈረንሻል የለውም። ማንሻውን ወደ ኤች4 (ወደ 4 በ4) ስታስገባው ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግና ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አንድ ላይ ይቆለፉና እኩል ይዞራሉ። ዘንጎቹ እኩል እየዞሩ ጎማዎቹም እኩል እንዲሄዱ የፊቱም የኋላውም ጥርስ ቁጥር መመሳሰል አለበት። 43ን ለ10 ስታካፍለው 4.3 ነው፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ 4.3 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 41ን ለ9 ስታካፍለው 4.556 ይመጣል። ልዩነቱ 6 በመቶ ነው። እንግዲህ የፊት ጎማህ 100 ሜትር ልሂድ ሲል የኋላው 94 ሜትር ይበቃኛል ይላል። ሁለቱም የታሰሩት አንድ ሻንሲ ላይ ስለሆነ እኩል መሄዳቸው ግዴታ ነው። የግድ አንዱ መንሸራተት አለበት።

ለስላሳ ጭቃ ላይ ይንሸራተትና ያልፍልሃል። ችግሩ ገጠር ስትገባ ጭቃው ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ጭቃ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር ይከተላል። ድንጋዩ ላይ ጎማው ከያዘ ልዩነቱ መውጫ ያጣና ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ማንሻው አልወጣ ይልሃል፣ መሪው ይከብድሃል፣ በመጨረሻ የደከመው ቦታ ይሰበራል። አንዳንዴ ክሮቼራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ነው፣ አንዳንዴ የፊት ሴሚያሴ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ)፣ ብሶ ሲመጣ ራሱ ትራንስፈሩ።

«4 በ4ን ብዙም አልጠቀምበትም» ልትለኝ ትችላለህ። ብዙ ሰው ይላል። ግን በምትፈልገው ቀን የምትፈልገው ማታ፣ በዝናብ፣ ከነጭነትህ ነው። ያን ጊዜ ማን ያስታውሳል? መኪናውን ብትሸጠው ደግሞ የሚገዛህ ሰው አያውቅም። ሌላ ምርጫ አጥተህ የግድ ከገጠምከው የፊቱን የትራንስሚሲዮን ዘንግ ፈትተህ አስቀምጥና ማንሻው ላይ የሚያስጠነቅቅ ነገር ጻፍበት። ያኔ ግን ባለ 4 በ4 አይደለህም።

የፊቱንም አብሬ ልቀይር ካልክ ይቻላል፤ ትክክለኛው አሠራርም እሱ ነው። ወጪው ግን እጥፍ ይሆናል። በአንዳንዱ የሃይሉክስ ሞዴል የፊቱ ዲፈረንሻል ከኋላው ያንሳል፤ ለኋላ የተገዛው ኮሮና ለፊት አይገባም። ስለዚህ ገና ከመግዛትህ በፊት ሁለቱም መገኘታቸውን አረጋግጥ። ኋላውን ገጥሞ የፊቱን «ሲገኝ» ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። 205/16 ጎማ ቁመቱ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 265/70/16 ደግሞ 78 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጎማህ 5 በመቶ ያህል ረዝሟል ማለት ነው። ጎማ ሲረዝም መሬት ላይ የሚያርፈው ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንተ ሳታውቀው 4.3 የነበረውን ዲፈረንሻልህን ወደ 4.1 አውርደኸዋል። 41 በ9ኙ የሚጨምርልህ 6 በመቶ ነው። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ብትቀይር ጎማ ከመቀየርህ በፊት ወደነበርክበት ቦታ ትመለሳለህ፣ ከዚያ ብዙም አትዘልም። የድሮዎቹን 205 ጎማዎች ብትመልሳቸው ያንኑ ታገኛለህ። ያውም ዲፈረንሻል ሳትነካ።

ሰፊ ጎማ መኪናውን ያሳምረዋል፣ አልክድም። ግን 90 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ላለው፣ ቱርቦ ለሌለው፣ ጭነት ለሚጭን 2.8 ሊትር ሞተር አልመርጠውም።

ሐረጎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ትጠጋለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያለውን አየር ነው። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ወደ 17 በመቶ የሳሳ ነው፤ ደሴ ላይ 22 በመቶ ይደርሳል። ስታሰላው ከኮምቦልቻ ተነስተህ ደሴ እስክትገባ ሞተርህ ከያዘው አየር ሌላ 6 በመቶ ያህል ያጣል። ዲፈረንሻሉ የሚሰጥህን 6 በመቶ ዳገቱ ራሱ ይበላዋል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ስትደርስ መኪናው ከታች እንደነበረው ካልሄደልህ አትደንግጥ፤ የማንም ሰው 3ኤል እንደዚያው ነው።

ግን «ያቃስታል» ያልከው ከዚህ በላይ ከሆነ ዲፈረንሻሉን ከመክሰስህ በፊት ሦስት ነገር እይ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እየው። ወደ ባቲ የምትመላለስ ከሆነ አቧራው በፍጥነት ይደፍነዋል። የጭስ ማውጫውን ተመልከት፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካፈነዳ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል፣ የፖምፓ ባለሙያ ይየው። ፍሪሲዮኑንም ሞክረው። በ4ኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ለዚያ ደግሞ የትኛውም ኮሮና መድኃኒት አይሆንም።

ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ጥቅሙን ልንገርህ። 4.556 ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን የተሻለ ይይዝልሃል። ከደሴ ጭነህ ስትወርድ ፍሬን ያሳርፋል። በሌላ በኩል ሜዳ ላይ ሞተሩ ይሮጣል። በ205 ጎማ፣ በ4ኛ ማርሽ፣ በ80 ስትሄድ 4.3 ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2,550 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 4.556 ላይ 2,700። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ይሄ በናፍጣውም በጆሮውም ይታወቀዋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪህም ካለህበት ፍጥነት በላይ ያሳይሃል፤ አሁን በትልቁ ጎማ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳይህ፣ ይሄን ትራፊክ ሳይነግርህ እወቀው።

እሺ፣ ጩኸቱ። እዚህ ላይ ነው መካኒክህ ቅር ያሰኘኝ። ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ጥርሱን ቆጥሯል፤ ጥርሱ ምን እንደሚመስል ግን አልነገረህም። ተበልቷል? ተፋቅፏል? ጠርዙ እንደ ምላጭ ሆኗል? ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ይላወሳል? ሰማያዊ ሆኖ ተቃጥሏል? ይሄ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም።

መጀመሪያ ድምፁ የጎማ አለመሆኑን አረጋግጥ። ጎማ ቀይረሃል፣ ከዚያ ወዲህ ነው የምትለኝ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ራሱ ያጉረመርማል፣ በተለይ ወጣ ገባ ሆኖ ከተበላ። ባዶውን ይዘኸው ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳ ላይ ውጣ። ሬዲዮውን አጥፋ። በ60 እየሄድክ ነዳጁን በቀስታ ስጠው፣ ከዚያ ልቀቀው፣ ከዚያ ሳትሰጥም ሳትለቅም አቻ አድርገህ ያዘው። ነዳጅ ስትሰጥ ጮኾ ስትለቅ የሚጠፋ ወይም በግልባጩ የሆነ ቀጭን ጩኸት የኮሮናና የፒኞን ነው። ነዳጅ ሰጠኸው ለቀቅከው ሳይለወጥ በፍጥነቱ ብቻ የሚጨምር ወፍራም ጉርምርምታ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ራሱ ጎማው ነው። ለይተህ ለማወቅ መሪውን ቀኝና ግራ በቀስታ አወዛውዘው። ኩሽኔታ ከሆነ ክብደቱ ወደ እሱ ሲያጋድል ድምፁ ይጨምራል። ጎማ ከሆነ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስትገባ ድምፁ ይለወጣል፤ ዲፈረንሻል መንገድ አይመርጥም። ስትታጠፍ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ ኮሮናው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። ስትነሳና ማርሽ ስትቀይር ብቻ «ቋ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከታች ገብተህ ክሮቼራዎቹን በእጅህ ነቅንቃቸው፤ ብዙ ዲፈረንሻል በክሮቼራ ጥፋት ያለ በደሉ ተፈትቷል።

ዘይቱንም አፍስሰህ በንጹሕ ዕቃ ተቀበለው። ግራጫ፣ እንደ ክሬም የላመ ብረት ትንሽ ቢኖር ያገለገለ ዲፈረንሻል ጸባይ ነው። በጣት የሚያዝ ቅርፊት ወይም ስንጣሪ ካገኘህ ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እየተላጠ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ይሄ የሚሆነው ትኩስ ዲፈረንሻል ይዘህ ወንዝ ስትሻገር ነው። በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና የላይኛው መተንፈሻ ከተደፈነ ውሃውን ዘይቱን በሚያግደው ኦይል ሲል በኩል ይስበዋል። መተንፈሻዋ ከላይ ያለችው ትንሽ ቆብ ናት። በጭቃ ትደፈናለች፣ ማንም አያያትም።

ጩኸቱ በእርግጥ የኮሮናና የፒኞን ከሆነ ምን ትገዛለህ? የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ሙሉውን ጭንቅላት፣ ማለትም ኮሮናውም ፒኞኑም ኩሽኔታውም በቤቱ እንደተገጠመ፣ ያልተፈታ፣ 43 በ10 የሆነ። የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ጥሩነቱ ጭንቅላቱ ከፊት በኩል በዳዶ ታስሮ እንዳለ መውጣቱ ነው። ያልተፈታ ጭንቅላት ፋብሪካው ያስተካከለለትን ልክ ይዞ ይመጣል። ኮምቦልቻና ደሴ ካጣህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልግ። አንድ ሳምንት መጠበቅ ያልሆነ ዕቃ ከመግጠም ይሻላል።

ስትገዛ ዝም ብለህ አትቀበል። ፒኞኑን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፤ ጨዋታ ካለው ተወው። በእጅህ አዙረው፤ መንቀርቀር ካለው ተወው። ጥርሱን ራስህ ቁጠር። የትራንስሚሲዮኑ ፍላንጅ ቀዳዳዎች ርቀት ከአንተው ጋር ይለካ። ሴሚያሴው የሚገባበትን ጥርስም ቁጠር። ሻጩ ኮሮናውን ብቻ ወይም ፒኞኑን ብቻ ሊሸጥልህ ከፈለገ በሰላም ተሰናበተው። ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፈትገው የተሠሩ ጥንዶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጭሮባቸዋል። የተለያየ ቤት ልጆችን ብታጋባ ከመጀመሪያው ቀን ይጯጯኻሉ።

ለብቻው የታሸገ አዲስ ኮሮናና ፒኞን ካገኘህ ግን ጥያቄው «ማን ይገጥመዋል?» ይሆናል። መፍታትና ማሰር ማንም ይችላል። ጎማውን፣ ታምቡሩን፣ የፍሬን ቧንቧውን ትፈታለህ፤ ሴሚያሴዎቹን ትስባለህ፤ ጭንቅላቱን ታወርዳለህ። ከባድ ስለሆነ ለሁለት ያዙት። መኪናውም በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይሠራበትም፣ ጠንካራ መደገፊያ ይግባበት። እስከዚህ ድረስ ሥራው የጉልበት ነው።

ዕውቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጎን ኩሽኔታ ቆቦቹን ከመፍታቱ በፊት የግራና የቀኙን ምልክት ያድርግባቸው፤ ከቤቱ ጋር አብረው ስለተፈለፈሉ አይለዋወጡም። አዲሱን ኮሮና ለማስገባት በመዶሻ መደብደብ የለም። በፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይቆይ፣ ይሰፋል፣ ከዚያ ፈጥኖ አድርቆ ሲያስገባው በራሱ ይገባል። በእሳት መለብለብ ግን ብረቱን ያበላሸዋል።

ከዚያ የፒኞኑ ጥልቀት አለ። ከፒኞኑ ራስ ስር ሺም የሚባል ስስ ቀለበት ይገባል። ቀለበቱ ሲወፍር ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ይጠጋል፣ ሲሳሳ ይርቃል። ከዚያ በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል የሚጨመቅ ስፔሰር አለ። ዳዶው ሲጠብቅ እሱ ይጨመቃል፣ ኩሽኔታዎቹም በልኩ ይያዛሉ። ይሄ ስፔሰር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዳዶውን ከልኩ አሳልፎ ካጠበቀው መልሶ በማላላት አይስተካከልም፤ ፈትቶ አዲስ ስፔሰር ማስገባት አለበት። «አሮጌው ይሠራል» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ። ልኩ የሚታወቀው ፒኞኑን ለማዞር በሚያስፈልገው ጉልበት ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ የሚለካውም በመለኪያ ቁልፍ ነው። በእጅ «እሺ፣ ጠበቀ» የሚባል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። በዚህ ዓይነት የቶዮታ ዲፈረንሻል ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ስታስብ ይሄ በዓይን እንደማይፈረድ ይገባሃል። ዳያል ጌጅ የሚባል መለኪያ ያስፈልጋል፣ የሚለካውም ኮሮናውን እያዞሩ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ነው። ጋራዡ ገብተህ «ዳያል ጌጅ አላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ከሌላቸው ለዘይት ቅየራ እንጂ ለኮሮና አትተዋቸው።

የመጨረሻው ፈተና ቀለም ነው። ጥቂት ጥርሶች ላይ ከግሪስ ጋር የተለወሰ ቀለም ይቀባና ፒኞኑ ትንሽ ጫና ይዞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዞራል። የሚነካካበት ቦታ ይታተማል። ማህተሙ ከጥርሱ መሃል ላይ ካረፈ ጥሩ ነው። ወደ ጥርሱ ስር ከወረደ ፒኞኑ ከመጠን በላይ ተጠግቷል፣ ሺሙ ይሳሳ። ወደ ጥርሱ አናት ከወጣ ርቋል፣ ሺሙ ይወፍር። ሺም በተቀየረ ቁጥር ክፍተቱም ቀለሙም እንደገና ነው። ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ «በሁለት ሰዓት አስረክብሃለሁ» የሚልህን አትመን። ቀለሙን ራስህ ሄደህ እይ። ፎቶ አንሳው። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ተገጥሞ ሲወጣ ወዲያው ጭነህ ሐረጎን እንዳትወጣ። አዲስ ጥርስ ሲፋተግ ኃይለኛ ሙቀት ያመነጫል፣ ከልክ ካለፈ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። ባዶውን ወደ ሐርቡና ከሚሴ በሚወስደው ሜዳ፣ በመጠነኛ ፍጥነት፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ንዳው። አቁመህ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ይሄንን ደጋግመው። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነትና መጎተት ይቅር፤ ከዚያ ዘይቱን ቀይር። የመጀመሪያው ዘይት ብረት ይዞ ይወጣል፣ አይተኸው አትደንግጥ። ያልተፈታ ያገለገለ ጭንቅላት ከገጠምክ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግህም፤ ዘይቱን ሞልተህ ሥራህን ቀጥል።

የ140ው ዘይት ነገር ቀረኝ። ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል፣ ውሸት አይደለም። መኪና ሊሸጡ የፈለጉ ሰዎች ዘዴውን በደንብ ያውቁታል። ግን የደሴ ጠዋት ብርድ ላይ 140 ዘይት ከመርጋት ብዛት ቶሎ አይፈስም፣ የፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ ደግሞ ዘይት የሚደርሰው ኮሮናው እየረጨለት ነው። እስኪሞቅ ድረስ ደረቁን ይሠራል። አንተ ሠርተህ የምትበላበት መኪና ነው፤ ድምፁን ብትሸፍነው ራስህን ነው የምታታልለው። 80/90 ግዛ፣ ጣሳው ላይ ጂኤል5 የሚል ይኑርበት፣ መሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ ደርሶ መፍሰስ እስኪጀምር ሙላ። አሮጌውን ከማፍሰስህ በፊት ግን የመሙያው ቡሎን የሚፈታ መሆኑን አረጋግጥ። አፍስሰህ ጨርሰህ የላይኛው እምቢ ቢልህ መኪናው እዚያው ነው የሚያድረው።

የሐርቡ መንገድ ሙከራህን ጨርስና ድምፁ ነዳጅ ስትሰጥ ነው ስትለቅ የሚለውን ጻፍልኝ። የፈሰሰውንም ዘይት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ያን ሳላይ የ41 በ9 ብር ከኪስህ አይውጣ።